ዐሥር ከዐሥር

ሰኞ ጥቅምት 7 ቀን 2071 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ባሕር ዳር በሚገኘው «አለሁ» የደብዳቤ ድርጅት ሦስተኛ ፎቅ፣ በርክክቡ ላይ የተገኘነው ሦስት ሰዎች ነበርን። አስረካቢው ጋሽ ስንሻው ወርቅነህ፣ ተረካቢው እኔ ሥዩም አስናቀ፣ ታዛቢዋ የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ትርንጎ በላቸው። ግድግዳው ላይ ያለው መዝጋቢ መሣሪያ ስማችንን አንድ በአንድ ጠራ። እዚያ ቤት ሰው ሲጠራ «አቤት» አይልም፤ «አለሁ» ነው የሚለው። ሦስታችንም «አለሁ» አልን።

ደረቴ ላይ የተሰጠኝ ባጅ «ስዩም» ይላል። ስሜ የሚጻፈው በንጉሡ ሠ ነው። ልናገር አስቤ ነበር፤ ወይዘሮ ትርንጎ ቀና ብለው ሲያዩኝ ተውሁት።

የሰውን ድምፅ ማንም በመሣሪያ አስመስሎ መሥራት ከቻለ ወዲህ እናቶች ስልክ አያምኑም። መሣሪያ የጻፈው ወረቀት ደግሞ በሕግ ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር አለበት። ስለዚህ ባሕር ላይ ባሉት የጨው ማጣሪያዎች ለዐሥርና ለሃያ ዓመት ፈርመው የሚሄዱ ልጆች፣ ለእናቶቻቸው በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ በ«አለሁ» በኩል ይልካሉ። ሲደክማቸው ወይም እጃቸውን ጨው ሲበላው እኛ እንጽፍላቸዋለን። እናቶቹ ይህን አያውቁም።

በእጁ የሚጽፍ ሰው እየጠፋ ነው። እኔ የተማርሁት እስከ ስምንተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ያውም ሸበል ውስጥ፣ ከሰሌዳና ከጠመኔ በቀር ምንም በሌለበት ትምህርት ቤት። የቅጥር ፈተናው ዕለት ከመቶ አርባ ሰው እስክሪብቶ መያዝ የቻልነው ዐሥራ አንድ ነበርን።

በመጀመሪያው ቀን የእጄን ክብደት ለኩ። እስክሪብቶውን ምን ያህል እንደምጫን፣ በደቂቃ ስንት ፊደል እንደምጽፍ፣ ሲደክመኝ መስመሬ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች እንደሚያዘነብል ለይተው መዘገቡ። ከሰዓት በኋላ ፖስታ ማሸግ ተማርሁ። ከመዘጋቱ በፊት ፖስታው ውስጥ ሁለት ቁንጥር ጨው ይነሰነሳል። እናቶች ፖስታውን ሲቀድዱት መዳፋቸው ላይ ጨው ይፈስሳል፤ ያን ጊዜ ልጃቸው ከባሕር እንደ ጻፈ ያምናሉ።

ጋሽ ስንሻው ከሥራ የሚወጡት እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለ ጀመረ ነው።

«ከምጽፍላቸው ልጆች ትልቁ አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አሉኝ። «የአርባ ዘጠኝ ዓመት እጅ እንዲህ አይሆንም። እናት ደግሞ ይህን ካየች ሐኪም ዘንድ ሂድ እያለች ትጨቀጭቅሃለች። ምን ብለህ ትመልሳለህ?»

በምሳ ሰዓት አጠገቤ የምትቀመጥ ዘርፌ የምትባል ጸሓፊ ወደ እኔ ዞረች።

«አዲሱ፣ ስንት እናት ሰጡህ?»

«ዘጠኝ።»

«ታድለህ። እኔ ዐሥራ አራት አሉኝ። ዐሥራ አራቱም ጥሩ ባል ይስጥህ... ማለቴ ጥሩ ሚስት ይስጥህ እያሉ ይመርቁኛል። ለዚህ ነው እኮ ባል ያጣሁት፤ ምርቃቱ ሁሉ ወደ ሚስት ሄደ።»

ሳቅሁ። እሷ ግን ሳትስቅ ሽሮዋን እየጠቀለለች «የወለደችኝ ከዐሥራ አራቱ ውስጥ የለችም» አለች። «ባለፈው ተቀይማኝ፣ አንቺ ጊዜ ከሌለሽ ከቢሮሽ አንድ ሰው መድቢልኝ አለችኝ።»

ርክክቡ የሚካሄደው በቅጽ ነው። ለእያንዳንዷ እናት አንድ ቅጽ አለ። ስም፣ ዕድሜ፣ የሚያማት፣ ላሟ፣ ልጇን የምትጠራበት የቁልምጫ ስም፣ የምትጠላት ጎረቤት፣ የምርቃቷ ዓይነት። ስምንቱን እናቶች በሦስት ቀን ተረከብሁ። የአንዷ ላም ጥቅምት ውስጥ እንደምትወልድ፣ የሌላዋ ልጅ ሁልጊዜ «ጉልበትሽ እንዴት ነው?» ብሎ እንደሚጀምር፣ ሦስተኛዋ ስለ ምራቷ መስማት እንደማትወድ ዐወቅሁ። የስምንቱም ልጆች በሕይወት አሉ።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ስንሻው ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«እኚህን ለብቻቸው ነው የማስረክብህ» አሉ። «መምህርት የሺሐረግ ይባላሉ። ሞጣ ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አማርኛ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ልጃቸው ዳምጠው ነው። ዳምጠው ከአራት ዓመት በፊት፣ ነሐሴ 19 ቀን፣ ማጣሪያው ላይ ከመሰላል ወድቆ ሞቷል።»



«እናቱ አያውቁም?» አልሁ።

«መርዶው የደረሰው ለአጎቱ ነበር። አጎቱ መጀመሪያ ክረምቱ ይውጣ፣ በዚህ ጭቃ ለቀስተኛ አይመጣም አሉ። ክረምቱ ወጣ፤ እኅቴ ዐይኗን ልትታከም ነው፣ ትዳንና አሉ። ከዚያ ጾም ገባ። በፋሲካ ማግሥት አጎትየው ራሳቸው ሞቱ።»

«ታዲያ ማን ይንገራቸው?»

«ማን አለ? መርዶ ነጋሪ ከሌለ የሞተ ሰው የለም። ድርጅቱ እንደሆነ ውል ነው የሚያየው። ዳምጠው ሲፈርም፣ እናቴ በሕይወት እስካለች በየዐሥራ አምስት ቀኑ ደብዳቤ ይድረሳት ብሎ ነው የፈረመው። እኔ በሕይወት እስካለሁ አላለም።»

«ቢያውቁስ?»

ጋሽ ስንሻው መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ወረቀት አወጡ። በዳምጠው እጅ፣ ማለትም በእሳቸው እጅ፣ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። ገጹ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሯል።

«ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከዳምጠው ሌላ አልወለዱም። ደብዳቤው ሲደርሳቸው አርመው፣ ነጥብ ሰጥተው፣ ከመልሳቸው ጋር ይልኩታል። ጠዋት ከአልጋ የሚነሡት ለዚህ ነው። ብታሳውቃቸው ለምን ይነሣሉ?»

ወረቀቱን አነበብሁት። «ሠላም ላንቺ ይሁን እማዬ። እኔ ደህና ነኝ፣ ስራ ብቻ ነው። ፀሎትሽ አይለየኝ።» በየስሕተቱ ላይ ክብ ተደርጓል። ከግርጌው በቀጫጭን ፊደል እንዲህ ተጽፏል። «ከዐሥር አምስት። ‘ሰላም’ በእሳቱ ሰ ነው። ‘ጸሎት’ በጸሎቱ ጸ ነው፤ ስሙ ራሱ እየነገረህ! ስንት ዘመን ልናገር፣ ዳሙ? ሳልሞት አንድ ቀን ከዐሥር ዐሥር ባየሁ።»

«ይህ ልጅ ፊደል አይገባውም ነበር» አሉ ጋሽ ስንሻው። «የመምህር ልጅ ሆኖ! በባሕር ላይ ሳለ በእጁ የጻፋቸው ከሦስት መቶ በላይ ደብዳቤዎች ግልባጫቸው እኛ ዘንድ አለ። ሁሉንም አጥንቻቸዋለሁ። ዐሥራ ሁለት ስሕተት አለው፤ ሁልጊዜ እነዚያኑ ነው። ቅጹ ላይ ለስሕተት የተተወ ቦታ ስለሌለ አልተመዘገበም። አንተም በወረቀት አትያዘው፣ በእጅህ ያዘው። ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ ከጎደለ ዳምጠው ጎደለ ማለት ነው።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ «ሠላም» የሚለውን ቃል አርባ ጊዜ ጻፍሁ። ስጽፈው ጥርሴ ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ይሰማኝ ነበር። እኔ በሕይወቴ በደንብ የማውቀው ነገር ይህ ብቻ ነው። ሸበል ያስተማሩን መምህር የትኛው ፊደል የት እንደሚገባ ከነምክንያቱ ነበር የሚነግሩን፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ይዤው የወጣሁት ሀብት እሱ ነው። ለጋሽ ስንሻው ግን አልነገርኋቸውም።

ዓርብ ዕለት ሦስታችን ፈረምን። መዝጋቢው «ስንሻው ወርቅነህ» ብሎ ሲጠራ ጋሽ ስንሻው «አለሁ» አሉ። ከዚያ ስማቸው ከዝርዝሩ ወጣ፤ በሩም በሌላ ሰው ባጅ ተከፍቶላቸው ነው የወጡት። ደረጃው ላይ ዕቃቸውን የያዘውን ካርቶን ተቀብዬ ሸኘኋቸው።

«ከወጣ ሠራተኛ ጋር መገናኘት በደንቡ ክልክል ነው» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው «ቤቴ ሽምብጥ ነው፤ ከወፍጮው ጀርባ» አሉ።

የመምህርት የሺሐረግ ደብዳቤ ተራው ሰኞ ጥቅምት 14 ነበር። ረቂቁን ከነዐሥራ ሁለት ስሕተቱ አዘጋጅቼ ነበር። ንጹሑን ወረቀት ሳወጣ ግን «ሳልሞት አንድ ቀን» የሚለው ቃል ትዝ አለኝ። የእኔ እናት ፊደል አታውቅም ነበር፤ እስክትሞት ድረስ አንድ ቃል ጽፌላት አላውቅም። እኚህ ሴት ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ነገር ብቻ ነው የለመኑት። እሱን መስጠት ደግሞ እችላለሁ። ከሌላው ከምንም ይልቅ እሱን እችላለሁ። ሰው አርጅቶም ይታረማል ብዬ አሰብሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ደስ ይበላቸው፤ በሚቀጥለው ወደ ስሕተቱ እመልሰዋለሁ።

«ሰላም ላንቺ ይሁን እማዬ» ብዬ በእሳቱ ሰ ጻፍሁ። «ሥራ»ን በንጉሡ፣ «ጸሎት»ን በጸሎቱ፣ «ዓመት»ን በዐይኑ ጻፍሁ። የዳምጠውን የእጅ ጽሑፍ ከጋሽ ስንሻው በተሻለ ነበር ያስመሰልሁት። ጨዉን ነስንሼ አሸግሁት።

እስከ መልሱ ድረስ ደስ ብሎኝ ሰነበትሁ። ዘርፌ «ምን ተገኘ አዲሱ፣ ብቻህን ትስቃለህ» አለችኝ።

መልሱ የደረሰው ማክሰኞ ጥቅምት 29 ቀን ነው። ደብዳቤዬ ተመልሷል፤ አንድም ቀይ ምልክት የለበትም። አብሮት የመጣው ወረቀት እንዲህ ይላል።

«ዐሥር ከዐሥር።

ይህን ቁጥር በእጄ እጽፈዋለሁ ብዬ አላስብም ነበር። ጽፌው ደጅ ወጣሁ። ተመልሼ ደግሜ አነበብሁት። አንድም ስሕተት የለበትም።

ዳምጠው ፊደል ያውቃል። በስድስት ዓመቱ ከነስማቸው ጨርሷቸዋል። አራተኛ ክፍል ሳለ አባቱ ሞተ። ያን ጊዜ እኔ ሥራ ትቼ፣ ከሰው ጋር መነጋገርም ትቼ፣ ሦስት ሳምንት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። አንድ ቀን ደብተሩን አምጥቶ ‘እማዬ እረሚልኝ’ አለኝ። ‘ሰላም’ን በንጉሡ ሠ ጽፎታል። ተናደድሁና ቀይ እስክሪብቶዬን ፈልጌ ተነሣሁ። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ገባሁ። ከዚያ ወዲህ አስተካክሎ ጽፎልኝ አያውቅም። ሆን ብሎ እንደ ሆነ እኔ ዐውቃለሁ። እንደማውቅም እሱ ያውቃል። አንድ ቀን እንኳ ተነጋግረንበት አናውቅም።

እኔ በሕይወት እያለሁ ዳምጠው እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይጽፍልኝም።

አንተ ማን እንደ ሆንህ አላውቅም። ፊደልህ ጥሩ ነው፤ ያስተማረህ ሰው ደክሞብሃል። በክፋት እንዳልጻፍኸውም ይገባኛል። ልጄ መቼ እንደ ሞተ ንገረኝ። አርባውም ተዝካሩም አልፎበት ይሆናል።

የሺሐረግ»

ወረቀቱን ይዤ ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ገባሁ። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አይደሉም።

«ለዚህ ናሙና ደብዳቤ ቁጥር 14 አለ» አሉኝ። «‘እማዬ ምን ነካሽ፣ አለሁ፤ ጓደኛዬ አርሞልኝ ነው’ የሚለው። ስሕተቶቹን መልሳቸው። እንዲያውም ጨመር አድርግ።»

«ዐውቀዋል እኮ።»

«ማወቅና ማመን ይለያያል፣ ስዩም። እናት ለማመን አንድ ምክንያት ብቻ ነው የምትፈልገው። ስጣት። የሙከራ ጊዜህ ደግሞ ገና አላለቀም፤ ይህን እዚህ ላይ አልመዘግበውም።»

አመስግኜ ወጣሁ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ «ሠላም ላንቺ ይሁን እማዬ፣ አለሁ» ብዬ ጻፍሁ። እስከ መውጫ ሰዓት ከዚያ ቃል አላለፍሁም። ማጥፋቱንም አልቻልሁም። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ሽምብጥ ሄድሁ።

ጋሽ ስንሻው ከወፍጮው ጀርባ በር ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። የመምህርት የሺሐረግን ደብዳቤ ሰጠኋቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አነበቡት። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ሆን ብሎ?» አሉ።

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

«እኔ አራት ዓመት ሙሉ ደንቆሮ ነው ብዬ ሳማው ኖርሁ።»

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ደስ እንዲላቸው ብዬ ነው።»

«ዐውቃለሁ። እኔም ደስ እንዲላቸው ብዬ ነው።» ባቄላውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። «አሁን ምን ልትጽፍላቸው ነው?»

«ቀኑን ልጻፍላቸው?»

«በደብዳቤ? መርዶ በወረቀት አይነገርም። ጎሕ ሲቀድ ሰው ሄዶ ነው የሚነግር።» ተነሡና ወደ ውስጥ ገቡ። ከውስጥ «ጋቢ አለህ?» አሉኝ።

«የለኝም።»

ሁለት ጋቢ ይዘው ወጡ።

እንደ ተቀጣጠርነው፣ ዓርብ ኅዳር 2 ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ሳልገባ ቀርቼ ሞጣ የሚሄደውን አውቶቡስ ይዘን ሄድን። ሾፌር የለውም፤ በሩ ላይ ያለው መሣሪያ ነው የሚጠይቀው።

«የጉዞ ምክንያት?»

«ለቅሶ» አሉ ጋሽ ስንሻው።

«ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና?»

ጋሽ ስንሻው አሰቡ። ከኋላችን ያሉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ።

«እጁ ነኝ» አሉ።

መሣሪያው አልገባውም፤ ደግሞ ጠየቀ። «ወንድም» አሉትና ከፈተልን።

ያን ምሽት መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዘን አደርን። ቅዳሜ ኅዳር 3 ቀን ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተነሥተን ሄድን። ቤቱን ሳንጠይቅ ነበር ያገኘነው፤ የአጥሩን ቀለም፣ በሩ ላይ ያለውን የወይራ ዛፍ፣ ሁሉንም ከቅጹ እናውቀዋለን። መርዶ ያለ ጎረቤት አይነገርምና ጋሽ ስንሻው መጀመሪያ የጎን ቤቱን አንኳኩ። የወይዘሮ አገሬ ቤት ነው። ቅጹ ላይ «የምትጠላት ጎረቤት» በሚለው ቦታ፣ በድንበር ምክንያት፣ ስማቸው ተጽፏል። ጋሽ ስንሻው በሹክሹክታ ሲነግሯቸው ወይዘሮ አገሬ ጫማ ሳያደርጉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ሌሎቹን ጎረቤቶች የሰበሰቡት እሳቸው ናቸው።

መምህርት የሺሐረግ ነቅተው ኖሯል። በረንዳው ላይ ሁለት አግዳሚ ወንበር ወጥቷል፤ እሳቸው ጥቁር ለብሰው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ትንሽ ሴት ናቸው። ደብዳቤያቸውን ሳነብ ትልቅ ይመስሉኝ ነበር።

«መጣችሁ?» አሉ። እኔንና ጋሽ ስንሻውን ተራ በተራ አዩን። «‘ሰላም’ን በንጉሡ ሠ ሲጽፍልኝ የኖረው የትኛችሁ ነው?»

ጋሽ ስንሻው እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አላወረዱትም። መምህርት የሺሐረግ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና ያን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት። መንቀጥቀጡ እስኪቀንስ ድረስ አልለቀቁትም።

«አንተስ?» አሉኝ። «ዐሥር ከዐሥር ያገኘኸው ነህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ስምህ ማን ነው?»

«ሥዩም።»

«በየትኛው?»

«በንጉሡ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ «በሉ ንገሩኝ» አሉ።

ጋሽ ስንሻው ጋቢያቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጅዎ ዳምጠው፣ ነሐሴ 19 ቀን 2066 ዓ.ም. ዐርፏል» አሉ።

መጀመሪያ የጮኹት ወይዘሮ አገሬ ናቸው። መምህርት የሺሐረግ አልጮኹም። በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ አንድ ነገር ደጋግመው ይጽፉ ነበር። አጠገባቸው ስለነበርሁ ፊደሉን ዐየሁት። ንጉሡ ሠ ነበር።

ሰኞ ኅዳር 5 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መዝጋቢው ስሜን ሁለት ጊዜ እንደ ጠራ ዘርፌ ነገረችኝ። መልስ ስላልነበረ ስሜ ከዝርዝሩ ወጣ። አስረካቢ ባለመኖሩ ርክክብ አልተደረገም። ስምንቱ እናቶች ለዘርፌ ተሰጡ፤ አሁን ሃያ ሁለት አሏት።